እንኳን ማርያም ማረችሽ

ታፈሰች ሴት ልጅ ተገላግላ ከሆስፒታል ከመጣች ወዲህ አማቷ አቶ ዘበነ ወንበራቸውን ከመኝታ ቤቱ በር ውጭ አውጥተዋል። አይሁዳዊ ናቸው፤ የወለደች ሴት ጊዜዋን ጨርሳ እስክትነጻ አይጠጓትም። ጎንደር ቢሆን ለብቻዋ ጎጆ ነበራት። እዚህ በአይሁድ አገር ግን የቂርያት ማላኪ ፎቅ ጎጆ የለውምና ከክፍሉ የሚወጡት እሳቸው ሆኑ። ከበሩ ሆኖ ማየትና መስማት ግን አልተከለከለም።

ታፈሰች ክርስቲያን ተወልዳ የእሳቸውን ልጅ ያገባች ናት። በዚህ አገር ያላት የሥጋ ዘመድ ታናሽ ወንድሟ ወርቅነህ ብቻ ነው። እሱም ሱዳን የስደተኛ መጠለያ ውስጥ ሳሉ ጴንጤ ሆኗል። ገዴራ ይኖራል፤ ቤኤር ቱቪያ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። ዛሬ ከሥራ ወጥቶ በቀጥታ መጣና አልጋዋ አጠገብ ቆመ።

«እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ፣ እቴ።»

ልጅቷን ወደ ደረቷ ሳበቻት። «እንዲያ አይባልም። እንኳን ማርያም ማረችሽ በል።»

«የሚምር እሱ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ልጄን አትይዝም። ያላ፣ ሂድ፣ አውቶቡስህ ሳያመልጥህ!»

አቶ ዘበነ ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ። እሳቸውም እንደ ወርቅነህ ነበር ያሏት፤ «እግዚአብሔር ያኑርዎ» ብላ በደስታ ተቀብላቸዋለች።

«የኔን ተቀብለሽ የሱን ለምን ትመልሻለሽ?» አሉ።

«እርስዎ እሷን አያውቋትም፣ አባባ። ይህ ግን በስሟ የተወለደ ነው። እናታችን እሱን ስታምጥ ጎረቤቱ ሁሉ ‹ማርያም፣ ማርያም› ሲል ደጅ ቆሜ ሰምቻለሁ። አሁን ካዳት።»

«አልካድኋትም! ከሴቶች ሁሉ የተባረከች ናት፤ አከብራታለሁ። ወደ እሷ አልጸልይም እንጂ።»

«እኔስ አምላክ ናት አልሁ? አማላጅ ናት። ዳኛ ፊት ስትቀርብ ሰው አትይዝም?»

«ዳኛው አባቴ ከሆነስ?»

አቶ ዘበነ ክርስቲያን ሁሉ አንድ ይመስላቸው ነበር። አሁን ከአንድ እናት የወጡት ሁለቱ እንኳ አልገጠሙም። «እና እስከ የት ድረስ ነው የምታከብራት?» ብለው ጠየቁት፤ የምር ማወቅ ፈልገው ነበር።

ወርቅነህ መልሱን ትቶ እህቱን ማባበል ያዘ። «ምጥን ታውቃለች፣ እቴ። እንዳንቺው አምጣ ነው የወለደች።»

ታፈሰች ከትራሱ ቀና አለች። «ያለ ምጥ ነው የወለደች! እሱንም ረሳኸው?»

አቶ ዘበነ ሳቃቸውን በጋቢያቸው አፈኑ። «አባስኸው፣ ልጄ።»

ወርቅነህ አልሳቀም። ሕፃኗን ተመለከታት፤ ግንባሯ ቁርጥ የእናታቸው ነው። ቦርሳውን አነሳና ሊወጣ ሄደ፤ ከአቶ ዘበነ ወንበር ዘንድ ሲደርስ ግን ቆም አለ።

«እቴ» አለ ሳይዞር። «እንኳን የማርያም ልጅ ማረሽ።»

አቶ ዘበነ እንዲህ ያለ ምርቃት ጎንደርም ሰምተው አያውቁም። የየትኛው ወገን እንደሆነ ቢያሰላስሉ አልለይ አላቸው። ታፈሰች ልጅቷን ከደረቷ ላላ አደረገቻት።

«ግማሽ ነው» አለች።

«ሌላ የለኝም።»

«ቤሰደር፣ ይሁን። እጅህን ታጠብና ና። አንገቷን ደግፈህ ያዝ።»