ለኅሩይ የወጣው አረቄ

ከተማ ሕግ አክባሪ ሰው ነበር። ጄኔቭ በሚኖርበት ሰፈር፣ ኦ ቪቭ ውስጥ፣ እሑድ ጠዋት መኪና ዝር በማይልበት ሰዓት እንኳ፣ አረንጓዴው ካልበራለት መንገድ አይሻገርም። ሚስቱ ሕብስት ቀድማው ተሻግራ ከማዶ ቆማ ትጠብቀዋለች። አዲስ አበባ ሳሉ ይህ ጠባዩ ያስቃት ነበር። ጄኔቭ ከመጡ ወዲህ ሳቁ እየቀነሰ ሄደ፤ ልጃቸው ኅሩይ ከሞተ በኋላ ጨርሶ ጠፋ።

ኅሩይ አዲስ አበባ የቀረ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። በቀይ ሽብር ገደሉት። ሬሳው መንገድ ዳር አደረ፤ እንዳይለቀስለትም ተከለከለ። ዘመድ አዝማዱ በር ዘግቶ፣ ነጠላውን ነክሶ አነባ። መርዶው ጄኔቭ በስልክ ሲደርስ፣ ሕብስት ገና አንድ ጊዜ "ልጄን!" ከማለቷ ከተማ ዘሎ አፏን በመዳፉ ከደነው። ከላያቸው ካለው ፎቅ የኤምባሲ ሰው ይኖራል። ከተማ በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት የሕግ ተርጓሚ ነው፤ ፓስፖርቱን የሚያድስለት ኤምባሲው ነው። ለአናርኪስት ያለቀሰ አናርኪስት ነው ተብሎ ወደ አገር ቤት ከተጠራ የሚጠብቀው ይታወቃል። ይህን ሁሉ እጁን ከአፏ ሳያነሳ በሹክሹክታ ነገራት። መዳፉ ሳሙና ሳሙና ይሸት ነበር፤ ያ ሽታ ከዚያ ወዲህ ከአፍንጫዋ አልወጣም።

አርባው በዝምታ አለፈ፤ ሰማንያውም እንዲሁ። ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ሕብስት ቆረጠች። ልጇ እንደ ሰው ሳይለቀስለት ዓመት አይደፍንም። ቦታው አላስቸገረም፤ የከተማ ታናሽ እህት ብዙነሽ ከዙሪክ ወጣ ብሎ ዲቤንዶርፍ ትኖራለች። ባሏ አስፋ ክሎተን በሚባለው የዙሪክ አውሮፕላን ማረፊያ አውሮፕላን ያጸዳል። ሁለቱም ጥገኝነት ተሰጥቷቸዋልና ኤምባሲ የሚባል ነገር አይፈሩም። ምግቡን ብዙነሽ ልታሰናዳ፣ አረቄውን ሕብስት ልታወጣ ተስማሙ። ከተማ ትመጣለህ ወይ ሲባል ሥራ አለብኝ አለ። ሙት ዓመቱ የሚውለው ቅዳሜ ነበር፤ ቅዳሜ ደግሞ ከተማ ሥራ ገብቶ አያውቅም።

በሕብስት እናት ቤት ለደስታ የሚወጣ አረቄ እንስላል ብቻ ነው የሚገባበት። ለሐዘን ከሆነ አሪቲ ይጨመርበታል፤ የሐዘን መጠጥ መምረር አለበት ይሉ ነበር እናቷ። ጌሾው ከአገር ቤት በሰው ሻንጣ መጣላት። እንስላሉንና አሪቲውን ከገበያ በጠራራ ፀሐይ ገዛች። ከተማ ቢሮ በዋለበት ቀን ድፍድፉን በትልቅ ድስት ጣደችና፣ ክዳኑ ላይ የመዳብ ቧንቧ ገጥማ፣ ቧንቧውን በቀዝቃዛ ውሃ እያሳለፈች አወጣችው። ጠብ ጠብ ሲል አጠገቡ ተቀምጣ የልጇን ስም ቀስ ብላ ጠራች። በዓመት ውስጥ ድምፅ አውጥታ ስትጠራው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

እስከዚህ ደህና ነበር። ነገር ግን ባደገችበት ሰፈር ደግሶ ጎረቤትን ሳያቀምሱ መቅረት ነውር ነው። የዘመድ ያህል ለምትቀርባቸው ለሕንፃው ጠባቂ፣ ለማዳም ፔላ፣ በትንሽ ጠርሙስ ቀድታ ወረደች። አሮጊቷ አሸተቱት። ብርጭቆ አምጥተው ቀዱና ውሃ ጠብ ሲያደርጉበት መጠጡ እንደ ወተት ነጣ። ተነሥተው በራቸውን ዘጉ። ይህ እኮ ከአሪቲ የሚወጣው አብሳንት ነው፣ አያቴም በድብቅ ያወጡት ነበር፣ በአገራችን የተከለከለ ነው አሏት። ሕብስት ግን ለአሪቲ ሕግ ይወጣል ብላ አላመነችም። ማታ ከተማ ሲገባ ማዳም ፔላ ደረጃው ሥር ጠብቀው፣ ዓይናቸውን ጠቀስ አድርገው፣ ሚስትህ ባለሙያ ናት፣ ለልደቴም አንድ ጠርሙስ አስቀምጡልኝ አሉት።

ከተማ ፊቱ አመድ መስሎ ወጣ። ካፖርቱን ሳያወልቅ ወጥ ቤት ገባና ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ እየከፈተ መታጠቢያው ላይ ገለበጣቸው። አረቄው ከቧንቧው ውሃ ጋር ሲገናኝ እየነጣ ወረደ። ሲያፈስም እንደ ቢሮ ሰው ያስረዳት ጀመር። ቤልጅግ ከልክላለች፣ ሆላንድ ከልክላለች፣ አሜሪካና ፈረንሳይም ከልክለዋል። እንደ እንግሊዝና እስፓኝ ያሉት ጥቂቶቹ ናቸው ዝም ያሉት። እዚህ ሲከለከል ሰባ ዓመት ሊሞላው ነው። አንድ ሰው ጠጥቶ ሚስቱንና ልጆቹን ገደለ፤ የአገሩ ሰው ድምፅ ሰጥቶ መጠጡን አገደ።

ሕብስት በሩን ተደግፋ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

"እነዚህ አንድ ሰው ልጆቹን ቢገድል መጠጡን ከለከሉ" አለችው። "የኛዎቹ ልጆቻችንን ገድለው ልቅሶውን ከለከሉ። አንተ ሁለቱንም አከበርክ። እስቲ ንገረኝ ከተማ፣ ልቅሶ የተፈቀደው በየትኛው አገር ነው?"

ከተማ ውሃውን ዘጋ። ሕብስትም ቅዳሜ ጠዋት ጥቁር ነጠላዋን በቦርሳ ይዛ ብቻዋን ወደ ዙሪክ ተሳፈረች።

ብዙነሽ ያላትን ሁሉ አቅርባለች። ከየቦታው የመጡ ጥቂት ስደተኞች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሰው ስለበዛና ቤቱ ስለታፈነ መስኮቱ ተከፍቷል። በአረቄው ፋንታ ከሱቅ የተገዛ ወይን ተቀዳ። ሕብስት ብርጭቆዋን አልነካችም። ልታለቅስ ስትሞክር ያ የሳሙና ሽታ ይመጣባታል፤ ባዶ እጄን መጣሁብህ ልጄ እያለች በሆዷ ትብሰለሰላለች።

በሩ ተንኳኳ። ብዙነሽ ከፍታ "ጋሼ" ብላ አሳለፈችው።

ከተማ ነበር። ሰላምታም ሳይሰጥ ከካፖርቱ የደረት ኪስ ትንሽ ጠርሙስ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሕብስት አወቀችው፤ ለማዳም ፔላ የሰጠችው ነው። ያ ከሰው ክብሪት እንኳ የማይዋስ ሰው የአሮጊቷን በር አንኳኩቶ፣ ልጄ ሞቶብኝ ነው፣ ሚስቴ የሰጠችዎትን መልሱልኝ ብሏቸው ኖሯል። ባቡር ውስጥ ትኬት የሚቆርጠው ሰው ባጠገቡ ባለፈ ቁጥር ተያዝኩ እያለ ነው ከጄኔቭ ዙሪክ የደረሰው። ከተሰበሰበው ሰው አንዱ ነገ ለኤምባሲው እንደሚያወራበትም ያውቃል።

ለሁሉም ጠብታ ጠብታ ደረሰው። ሕብስት ቀመሰችው፤ እናቷ እንዳሉት መራራ ነበር። ከዚያ ዓመት ሙሉ አምቃ የያዘችው ድምፅ ወጣ። "ልጄን! ኅሩይ ልጄን!" አለች። ሴቶቹም ተቀበሏት።

ከተማ ተነሣ። ወደ እሷ የሚመጣ መስሏት እጇን ዘረጋች። እሱ ግን በጫማው ጫፍ እየተራመደ ወደ መስኮቱ ሄዶ ዘጋው።

"ክፈተው ከተማ" አለችው በእንባዋ መካከል። "እዚህ አልተከለከለም።"

እጀታውን እንደያዘ ቆመ። ሊከፍተው ይፈልጋል፤ እጁ ግን አልታዘዝ አለው። ዞሮ አያት። "ሕብስት፣ ልቅሶው አልመጣልኝም" አለ። "አንቺ አልቅሺልኝ።"

ሕብስት አጠገቡ ሄዳ እጁን ከእጀታው አላቀቀችለትና መስኮቱን ከፈተችው። ከዚያ መዳፉን በሁለት እጇ ይዛ፣ የእሱንም ጨምራ አለቀሰች።