በኪንሎሪ መዝገብ ላይ ባዶ የቀረው ረድፍ

ጋሼ ብዙነህን በአሜሪካ ኮሎምበስ ከተማ በስማቸው የሚጠራቸው ባንኩና ሐኪሙ ብቻ ነው። ለሐበሻው ሁሉ «ሁለት ለአንድ» ናቸው። ሞርስ ሮድ ላይ ጁነዲን ግሮሰሪ በር ላይ ብቅ ሲሉ በርበሬ የሚያስመዝነውም፣ ወሬ ሊለቃቅም የመጣውም እኩል ዞር ብሎ «ሁለት ለአንድ መጡ!» ይላል። እሳቸውም ባርኔጣቸውን ብድግ አድርገው ይገባሉ።

ስሙን ያመጡት በገዛ አፋቸው ነው። «በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በሐምሌ» ብለው ይጀምራሉ። «ወደ ናይሮቢ የሚሄድ የስኮትላንድ ቡድን አውሮፕላኑ ተበላሽቶበት አዲስ አበባ ሦስት ቀን ተገተረ። ሥራ ከመፍታት ብለው ከእኛ ከአቃቂ ፋብሪካ ሠራተኞች ጋር ገጠሙ። በረኛው እኔ! ሁለት ለአንድ ሸኘናቸው። በመጨረሻዋ ደቂቃ ሪጎሬ አድኜ!» ሪጎሬ የሚሉት ፍጹም ቅጣት ምቱን ነው፤ የድሮ ሰው እንዲህ ነው የሚለው። ይህን ወሬ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ሳያዛንፉ አውርተውታል።

እንግዲህ ምን ይደበቃል? ጨዋታው ነበር። አውሮፕላኑም ተበላሽቷል። በረኛውም እሳቸው ነበሩ። ውጤቱ ግን ስድስት ለዜሮ ነው፤ ስድስቱም የገባው ጋሼ ብዙነህ ላይ ነው። ሪጎሬ የሚባል ነገር ጭራሽ አልነበረም።

ደግሞ አይፈረድባቸውም። አሜሪካ የገቡ ሰሞን ዳውንታውን አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ትኬት ይቆርጡ ነበር። እሑድ ከአገር ልጅ ጋር ሲቀመጡ ታዲያ በዚያ ቤት ተራ ሰው የለም። አንዱ ዋና ዳይሬክተር ነበርኩ ይላል፣ ሌላው ሁለት ሾፌር ነበረኝ ይላል። አሜሪካ የመጣ ሰው ሁሉ አገር ቤት ትልቅ ሰው ነበር፤ ትንንሾቹ የት እንደቀሩ እግዜር ይወቀው። ተራው እሳቸው ዘንድ ሲደርስ ምን ይበሉ? አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ፣ አመለጣቸው። ከዚያ ወዲህ መመለሻው ጠፋ።

ማንም አላመናቸውም። ጁነዲንማ ሙድ መያዝ ከንግዱ እኩል ሥራው ነው። «ጋሼ፣ ዘንድሮስ ስንት አስገባን?» ይላቸዋል፤ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መሐል ያመነቻቸው አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ የልጅ ልጃቸው ሔራን። ሕፃን ሆና ዌስተርቪል ቤታቸው ምንጣፍ ላይ ሪጎሬውን አሥር ጊዜ እያስወረወረች ታስደግማቸው ነበር። አሁን ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ለአንድ ኢንሹራንስ ድርጅት ከቤት ሆና ቁጥር ስታገላብጥ ትውላለች። ሰው በሳቀባቸው ቁጥር ከእሳቸው ብሳ የምትናደደው እሷ ናት።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ አንድ፣ የካቲት ውስጥ፣ ያ ወረርሽኝ ሁሉንም ቤቱ የከተተበት ጊዜ ነው፣ ሔራን ከክፍሏ ጮኸች። «አባባ! ካም ሂር! አገኘሁት!»

ያገኘችው ኪንሎሪ አትሌቲክ የሚባለውን ቡድን ነው። ኪንሎሪ በስኮትላንድ ባሕር ዳር ያለች፣ ሦስት መንገድ ያላት የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። ቡድኑ ዋንጫ በልቶ አያውቅም። ነገር ግን መዝገብ አለው። ከአንድ ሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ ሦስት ጀምሮ ከማን ጋር ስንት ጊዜ ተጫወተ፣ ስንት አሸነፈ፣ ስንት አቻ ወጣ፣ ስንት ተሸነፈ፣ በእጅ የተጻፈ ነው። እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንስተው ማንም እንዲያነበው ኢንተርኔት ላይ አውጥተውታል።

ጋሼ ብዙነህ መነጽራቸውን አደረጉ። ሔራን ታነባለች፣ እሳቸው ይሰማሉ። አንድ ጎረቤት ከተማ አለ፤ አርባ ሦስት ጊዜ ገጥመውት አንድም ቀን አላሸነፉትም፤ አርባ ሦስቱም ተጽፏል። በአንድ ሺህ ስምንት መቶ ዘጠና አንዱ ገጽ ላይ አሥራ አራት ለዜሮ ተሸንፈው ጸሐፊው ከጎኑ «ነፋስ አልነበረም፤ ሰበብ የለንም» ብሎ አስፍሯል። አንድ የከሰል ቆፋሪዎች ቡድን አለ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ተጫውተው አቻ ወጡ፤ ጉድጓዱ ተዘጋ፣ መንደሩም ፈረሰ፤ ያቺ አቻ ግን እዚያው አለች። በሁለቱ የዓለም ጦርነት ዓመታት ገጹ ላይ የሞቱት ተጫዋቾች ስም ብቻ ተደርድሯል።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ ጋሼ ብዙነህ። «ሽንፈታቸውን ራሳቸው ናቸው የጻፉት?»

«ያ፣ ራሳቸው።»

«ማንም ሳያስገድዳቸው?»

«ኖውባዲ፣ አባባ።»

«ወይ ጉድ!» አሉ። መቶ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ውርደቱን በንጹሕ ቀለም የሚጽፍ ሰው አለ ቢሏቸው አያምኑም ነበር። ቤተ ክርስቲያን የገቡ ያህል ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ሔራን ወደ መጨረሻው ወረደች። «አቃቂ ፋብሪካ፣ ኢትዮጵያ። ጨዋታ፦ አንድ» ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሣጥን ሁሉ ነጭ ነው። ውጤት የለም፣ ጎል ያስቆጠረ የለም። ከጎኑ በደቃቅ ጽሑፍ «የተጋጣሚው ምስክርነት ይጠበቃል» ይላል።

«አባባ፣ አንተን ነው የሚጠብቁት!» ብላ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ጋሼ ብዙነህ ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ።

ልጅቷ ምን ታድርግ፣ ደስታዋን ይዛ መቀመጥ አልቻለችም። ለስኮትላንዶቹ ኢሜይል ጻፈች፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ መልስ መጣ። መዝገቡን የምትይዘው ኤልስፔት የምትባል ጡረተኛ አስተማሪ ናት፤ ሰውዬውን በቪዲዮ ላነጋግር፣ ነገር ግን ሁሉም ክትባቱን ወስዶ ቤተ ሰብና ምስክር በተሰበሰበበት ቢሆን ደስ ይለኛል አለች። ግንቦት ላይ አንድ ቅዳሜ ተቀጠረ። ሔራን ወዲያው ለጁነዲን ኮል አደረገች። ጁነዲን ጥፋቱን አምኖ ስልኩን ለጋሼ እንድትሰጠው ለመናት። «ወላሂ አፉ በሉኝ፣ ጋሼ! ይኼን ሁሉ ዓመት ስስቅብዎት! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ማለት ይኼ ነው!»

«ይሁን፣ ልጄ» አሉ ጋሼ ብዙነህ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ አልዋጥ አላቸው። እውነቱን ቢናገሩ ሞርስ ሮድን ድጋሚ በየትኛው ፊታቸው ያዩታል? ሰዉስ ይሳቅ፣ ለምደውታል። ሔራን ግን? ሃያ ዓመት ሙሉ ለእሳቸው የተሟገተች ልጅ ፊት «ዋሽቼሽ ነው» እንዴት ይባላል? ያሉትን ቢደግሙ ደግሞ ማን ያጋልጣቸዋል? የአቃቂዎቹ አልቀዋል። ሁለት ለአንድ ብለው ዝም ማለት ነው፤ ይጻፋል፣ ለዘላለም ይኖራል፣ አለቀ። አሞኛል ልበል ወይ ብለውም አሰቡ።

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የዌስተርቪሉ ቤት ጋራዥ ተከፈተ። መኪኖቹ ወጥተው ወንበር ራቅ ራቅ ብሎ ተደረደረ፣ ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን ተሰቀለ። ጁነዲን አዲስ ሸሚዝ ለብሶ አንድ ካርቶን ውኃ ተሸክሞ መጣ፤ የግሮሰሪው ደንበኞችም ተከተሉት። ጋሼ ብዙነህን ከነክራቫታቸው ከፊት አስቀመጧቸው። የስኮትላንዱን እንግሊዝኛ መስማት ስለማይችሉ ሔራን አጠገባቸው ተቀምጣ ልታስተረጉም ነው።

ኤልስፔት ብቅ አለች፤ ነጭ ፀጉር፣ ቀይ ጉንጭ፣ ከፊቷ የመሠዊያ መጽሐፍ የሚያክል መዝገብ። ሰላምታው አልቆ ነገሩን ስታስረዳ ሔራን ቀስ እያለች ወደ አማርኛ መለሰችው።

«የጉዞው ጸሐፊ ማስታወሻ ናይሮቢ ጠፍቷል። ተጫዋቾቹ ግን ውጤቱን ያውቁ ነበር። አባቴም አንዱ ነበር። መጫወት ካቆመ በኋላ ይኼን መዝገብ ሠላሳ ዓመት የያዘው እሱ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልጻፈውም?» አሉ ጋሼ ብዙነህ።

ሔራን ጠይቃ መልሱን አመጣች። «ደንብ አላቸው፣ አባባ። ወረቀት ከጠፋ፣ ስለ ራሳቸው በራሳቸው አፍ አይጽፉም። የሚቀበሉት የተጋጣሚውን ቃል ብቻ ነው። እሷንም ጠይቃው አልነገራትም። ሞቶ ስድስት ዓመቱ ነው። አሁን አንተ ያልከው ይጻፋል፤ ማንም አይጠይቅህም።»

ጋሼ ብዙነህ መዝገቡን ተመለከቱ። ይህ ሰው ብዕሩም በእጁ ነበር፣ እውነቱም በእጁ ነበር፤ ስድስት ለዜሮ ያሸነፈበትን ጨዋታ ሠላሳ ዓመት ባዶ አድርጎ እያየው ኖረ። የተሸነፈውን ሰው አፍ ጠብቆ፣ ጠብቆ ሞተ። እኔስ? አሉ በልባቸው። እንዲህ ያለ ሰው ፊት ቆሜ ነው የምዋሸው?

ከወንበራቸው ተነሡ። «ንገሪያት» አሉ። «ስድስት ለዜሮ ተሸንፈናል። ሪጎሬም አላዳንኩም። ሃያ ስምንት ዓመት የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ከኋላ አንድ ወንበር ሲጢጥ አለ። ሔራን ወደ እሳቸው ዞረች። ዓይኗ ከእሳቸው ላይ አልተነሣም፤ ቀይ ሆነ፣ ውኃ ሞላ።

«አባባ፣ ዋት?»

«ተርጉሚ፣ ልጄ። በኋላ ትቀየሚኛለሽ፤ ያንቺ መብት ነው። አሁን ተርጉሚ።»

ተረጎመች። ኤልስፔት ራሷን ዝቅ አድርጋ አመሰገነችና፣ ያስቆጠሩትን በማሊያ ቁጥራቸውም ቢሆን ያስታውሱ ይሆን ብላ ጠየቀች።

«ያስታውሱ ይሆን?» አሉ ጋሼ ብዙነህ። «በረኛ የገባበትን ይረሳል? የመጀመሪያው ገና አራተኛው ደቂቃ ላይ ነው፤ ዘጠኝ ቁጥር፣ ቀይ ፀጉር፣ በእግሮቼ መካከል አሾለካት። ከዚያ ሰባት ቁጥር አጭሩ፣ ሁለት አከታትሎ፣ ሁለቱም በቀኜ፤ ሦስተኛዋን ነክቻት ነበር፣ ጣቴ እስከ ዛሬ ይታወቀዋል። ዘጠኝ ቁጥር ከዕረፍት መልስ ደገመ። አምስተኛውን የእኛው ልጅ መለስኩልህ ብሎ ራሱ አስገባ፤ ስሙን አልናገርም፣ ነፍሱን ይማር።»

ጁነዲን እጁን አፉ ላይ ጭኗል፤ ሊስቅ አይደለም። ሃምሳ ሰባት ዓመት! አንዷም አልደበዘዘችም። ሰውዬው ለሰው የሚያወሩትን ሌላ፣ ለብቻቸው የሚይዙትን ሌላ አድርገው ይህን ሁሉ ተሸክመው ኖረዋል።

«ስድስተኛው ከኮርና ነው። ዝናብ ነበር፣ ሜዳው ጭቃ። አምስት ቁጥር፣ ረጅሙ ተከላካይ፣ ከኋላ መጥቶ በቴስታ መታት። እኔ ጭቃ ውስጥ በግንባሬ ተደፋሁ። ሰውዬው ጎል አገባሁ ብሎ አልጨፈረም። መጥቶ ክንዴን ይዞ አነሣኝና ዓይኔን በማሊያው ጠረገልኝ።»

ሔራን ስትጨርስ ኤልስፔት ብዕሯን አስቀመጠች። የሆነ ነገር ተናገረች፤ ደግማ ተናገረች። ሔራን ልትተረጉም ሞከረች፣ እንባዋ አልፈቀደላትም። ጁነዲን ነው ከኋላ የጨረሰው፤ እሱ እንግሊዝኛውን ድሮ ታክሲ ሲነዳ ነው የተማረው።

«ጋሼ፣ አምስት ቁጥር አባቴ ነው እያለች ነው። ለኪንሎሪ አሥራ አንድ ዓመት ተጫውቷል። በመዝገቡ ላይ በስሙ አንድም ጎል የለም። ዜሮ ነው የሚለው። እርግጠኛ ነዎት ወይ ትላለች።»

ጋሼ ብዙነህ አስተርጓሚ አልጠበቁም። ወደ ቴሌቪዥኑ ሁለት እርምጃ ተራመዱ። ከፓርኪንግ የቀረቻቸውን እንግሊዝኛ ሁሉ ሰበሰቡ፤ ግንባራቸውን በመዳፋቸው መታ አደረጉ።

«ዩር ፋዘር» አሉ። «ነምበር ፋይቭ። ሄድ። ጎል። አይ ሲ። ቬሪ፣ ቬሪ ጉድ ጎል።»

ሔራን ተነሥታ መጣችና ክንዳቸውን ያዘች። ኤልስፔት መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጠች፣ የአባቷን ስም በጣቷ ፈልጋ አገኘች፣ በዜሮው ቦታ አንድ ብላ ጻፈች።