በእንኳየሁ ስም ላይ ያለች ጭረት

በጥቅምት በረዶ ወረደ። ገብሱ ሊታጨድ ሳምንት ቀርቶት ነበር። ግማሽ ሰዓት አልሞላም፤ ሲያባራ እርሻው ከብት የሄደበት አውድማ መስሏል። የተረፈውን ውርጭ ወሰደው። በሬውን የሸጠ ሸጠ፣ ለዘር ያስቀመጠውን የበላ በላ። ሰኔ ሲገባ መሬቱ ርሷል፤ ዘር ግን የለም።

የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኑ ከጎንደር የዘር ገብስ ላከ። አምባ ጊዮርጊስ ያለውን መጋዘን የምጠብቀውና እህሉን የማስረክበው እኔ በላቸው ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ያለ ወረቀት አንዲት ፍሬ አውጥቼ አላውቅም። ወረቀቱ የሚወጣው ከኮምፒውተር ነው። ጸሐፊው ሰውአገኝ የገበሬውን ስም፣ የማሳውን ስምና የኪሎውን ልክ ይጽፋል። ማሽኑ መዝገቡን ይጠይቅና ወረቀቱን ያወጣል።

ለአያ እንኳየሁ አላወጣም።

አያ እንኳየሁ ጎረቤቴ ነው፤ በአምስት ዓመት ይበልጠኛል። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ውርጭ ባዶ እጄን ሲያስቀረኝ፣ ከራሱ ዘር ሦስት ቁና ሰፍሮ ሰጠኝ። ልመልስ በሄድኩ ቁጥር «ሲቸግረኝ እጠይቅሃለሁ» ይላል። ጠይቆኝ አያውቅም።

ሦስት ቀን ተመላለሰ። ሦስቱንም ቀን ሰውአገኝ «ስህተት አለ ይላል» ብሎ መለሰው። እንደሱ የተመለሱ ሌሎች ስድስት ሰዎች ነበሩ። የሰኔ ሚካኤል አለፈ። ከዚህ በኋላ የተዘራ ገብስ ውርጭ ላይ ይደርሳል።

ሰውአገኝን የሰባቱንም ስም እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። አንድ በአንድ አየኋቸው። ሰባቱም ቅጽል ስም አላቸው። በቀበሌያችን እንኳየሁ አዳነ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ስላሉ፣ ሰውአገኝ ሲመዘግብ እንዳይምታቱ ብሎ ቅጽሉን በትንንሽ ጭረት ከቦ እንዲህ ጽፎታል፦ እንኳየሁ አዳነ 'ቀዩ'።

«ምነው ጭረቷን ብትተዋት?» አልኩት።

«ሞክሬያለሁ፣ አያ በላቸው። ያኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው የለም ይላል። መዝገቡ ላይ የገባው ከነጭረቷ ነው።»

ጎንደር ተደወለ። ሐሙስ ጽጌሬዳ የምትባል ልጅ በጠዋቱ አውቶቡስ መጣች። ጎንደር አራዳ ካለው ቢሮ ሆና የዩኒየኑን ኮምፒውተሮች የምታስተካክል እሷ ናት። ስሙን አየችና ወዲያው ገባት።

«ለማሽኑ ትእዛዙንና ስሙን በአንድ መስመር ነው የምንልክለት» አለች። «ስሙ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ የሚያውቀው በዚህችው ጭረት ነው። መሀል ላይ ሌላ ጭረት ሲያገኝ ስሙ አለቀ ይላል። ከዚያ 'ቀዩ' የሚለውን ትእዛዝ ነው ብሎ ያነበዋል።»

«ቀዩማ እንኳን ማሽን ሚስቱንም አዝዞ አያውቅ» አለ አያ እንኳየሁ፣ በሩ ላይ ቆሞ።

«ቀይነቱንም ፀሐይ ጨርሶታል» አለ ሰውአገኝ።

«ስሙን ለብቻ፣ ትእዛዙን ለብቻ መላክ አይቻልም?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ትክክለኛው እሱ ነበር፣ አባባ። ይህ ፕሮግራም አሮጌ ነው፤ አይችልም። እስኪቀየር ስሙን በደንብ ጠቅልሎ መላክ ነው።»

ስም ውስጥ ያለችው ጭረት ሁለት ተደርጋ ትጻፋለች አለች። ማሽኑ ሁለት ጎን ለጎን ሲያይ ስሙ አላለቀም፣ አንዷ ጭረት የስሙ ናት ብሎ ይቀበላል። ይህንን የሚሠራ መሣሪያ ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ የመጣ ስላለ በሱ ተጠቀመች። የራሴን ብፈጥር አንድ ነገር እረሳለሁ አለች። ወደድኩላት።

ትንሽ ሠራች። የአያ እንኳየሁ ስም ወጣ። ቦርሳዋን አነሳች።

«የማሳው ስምስ?» አልኳት።

ጭረት ጽፋ ሞከረችው። ተሰናከለ። ቁጭ ብላ እሱንም አስተካከለች።

«ኪሎውስ?»

«ኪሎው ቁጥር ነው፤ ጭረት አይደረግበትም።»

«እንግዲያ መጠቅለያ የለውም። ሰው በቁጥሩ ቦታ ትእዛዝ ቢጽፍበትስ? መዝገቡን አጥፋ ቢለውስ?»

ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች።

«አያ በላቸው ስለ ሌባ ሲያስብ ነው የሚያድር» አለ ሰውአገኝ።

«መጋዘኑ ያልተሰረቀው ለዚያ ነው» አልኩት።

ጽጌሬዳ ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠች። እዚህ ላይ ጭረት መደገም አይጠቅምም አለች። ከቁጥር በቀር ምንም እንዳይቀበል፣ ሌላ ከተጻፈበት ወደ መዝገቡ ጭራሽ እንዳይልክ አደረገችው። ከዚያ ወንበሩን ለቀቀችልኝ። በአንድ ጣቴ «50 ኪሎ» ብዬ ጻፍኩ፤ እንቢ አለ። «50» ብቻ ጻፍኩ፤ አለፈ። በስሙ ቦታ የጭረት መዓት ደረደርኩ፤ እንዲህ ያለ ሰው የለም አለ፣ ሌላ ነገር አልሆነም።

«ሸጋ ነው» አልኩ።

ሳይመሽ ሰባቱም ወረቀታቸውን ያዙ። ለአያ እንኳየሁ ሃምሳ ኪሎ መዘንኩለት። ሃምሳ ኪሎ የላይኛውን ማሳ ይሸፍናል፣ የታችኛውን አይሸፍንም። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

የኔን ድርሻ ሰኞ ወስጄ ግማሹን ዘርቻለሁ። የቀረው መጋዘኑ ጥግ ላይ በጆንያዬ ነበር። ባልዘራሁት ማሳ ድንች እተክላለሁ። ቁናውን አመጣሁና ሞላሁ። ቀና ብዬ አየሁት፤ የተለመደ ቃሉን ጠበቅሁ።

አላለውም። ጎንበስ አለና የጆንያውን አፍ በሁለት እጁ ከፍቶ ያዘልኝ።

ሦስተኛውን ቁና ከምሬ ሰፈርኩለት።