የታሰረው ባህር ዛፍ

ደግሞስ ምሳር ይዛ ለቅስቀሳ የምትወጣ ተመራጭ ማን አይቶ ያውቃል፣ በነጠላ ጠቅልዬዋለሁ እጀታው ግን ወጣ ወጣ ይላል፣ ትናንት ፍኖተ ሰላም ገበያ ስገዛው ነጋዴው ለባልሽ ነው አለኝ፣ አዎ አልኩት፣ ባል የለኝም፣ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ግን ለራሴ ነው ብል ይስቅብኛል፣ እና ዋሸሁ፣ በአርባ አራት ዓመቴ፣ ሁዳዴን እየጾምኩ፣ አንዷን ውሸት ሰው ፊት ላወጣ በምሄድበት ዋዜማ ሌላ ጨመርኩባት። ትንሽ ናት። ያችኛዋም ስትጀምር ትንሽ ነበረች።

ወደ ቡሬ የሚያልፈው ሚኒባስ አስፋልቱ ጠርዝ አውርዶኝ ሄደ፣ ከዚህ እስከ ዶቅማ ምንጭ በእግር አንድ ሰዓት ነው፣ መጋቢት ነው፣ መሬቱ ተሰነጣጥቋል፣ በግራ ባህር ዛፍ፣ በቀኝ ባህር ዛፍ፣ ጤፍ የነበረበት ባህር ዛፍ፣ ይሄን ሁሉ እኔ አልተከልኩም፣ የእኔ ያ አንዱ ተዳፋት ብቻ ነው። አንድ ይበቃል። ደረቴ ላይ ንቧ ያለችበት ባጅ አለ፣ ምርጫው ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፣ ለወረዳው ምክር ቤት ለሁለተኛ ጊዜ እወዳደራለሁ፣ ለውሃ፣ ለጤና፣ ለተራቆተ መሬት፣ እንዲህ ይላል ወረቀቱ፣ ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ወንዳወቅ አህያውን እየነዳ ከፊቴ ይመጣል፣ ሦስት ልጆቹን አስተምሬለታለሁ፣ አህያዋ ላይ አራት ቢጫ ጀሪካን፣ ባዶ፣ እርስ በርስ ይንኳኳሉ፣ ወደ ወንዙ መውረዱ ነው። እጀታውን አየው። ምነው መምህርት፣ ዘንድሮ ምርጫው በምሳር ሆነ እንዴ፣ ውሃ ይዤ እመጣለሁ ብለው አልነበር፣ ምሳር ይዘው መጡ፣ ካልመረጣችሁኝ ብዬ ነው አልኩት፣ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ስብሰባው የት ነው አለ፣ ምንጩ ጋ ነው፣ ምንጭ የታለና አለኝ፣ ሳቁ ሳይጠፋ፣ አህያዋን ቸብ አደረጋት፣ ቀድቼ እደርሳለሁ፣ እርስዎ ብቻ ንግግሩን ረዘም ያድርጉት።

ምንጭ የታለና።

ነበረ። ዶቅማና ሾላ የተጠላለፈበት ጥሻ ነበረ፣ ከሥሩ ውሃው ይወጣል፣ በበጋም በክረምትም ያው ነው፣ ማንም ለክቶት አያውቅም፣ የሚቀንስ ነገር ነው የሚለካ። ሚያዝያ ሁለት ሺህ ላይ ተመረጥኩ፣ ክረምቱን ችግኝ መጣ፣ ሚሊኒየም ነው፣ ሁሉም ቀበሌ ይተክላል፣ የእኛ ኮታ ሃያ ሺህ፣ ችግኝ ጣቢያው ያለው ባህር ዛፍ ብቻ፣ ኮሶስ ዋንዛስ የለም ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር፣ ጠይቄ ነበር እያልኩ ለራሴ ስነግረው ስንት ጊዜ ሆነ፣ አልጠየቅሁም። ቦታ የለም፣ ማሳውን የሚሰጥ የለም፣ የወል የሆነው የምንጩ ተዳፋት ብቻ ነው፣ ጥሻው ጅብ ያሳድራል አልኩና አስመነጠርኩት።

ወይዘሮ እናኑ መጡ፣ ቤታቸው ከምንጩ በላይ ነው፣ ዘንጋቸውን መሬቱ ላይ ተከሉና አንች ልጅ ይሄ ዛፍ ውሃ ይጠጣል፣ እኛ ምን ልንጠጣ ነው አሉኝ፣ ሳቅሁ፣ ያን ሳቄን አሁንም እሰማዋለሁ፣ የተማረ ሰው ሳቅ፣ ስንት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን አነበነብኩላቸው፣ ዛፍ ዝናብ ያመጣል፣ ዛፍ አፈር ይይዛል፣ ሰምተው ሲያበቁ፣ ሰውስ ሁሉ አንድ ነው እንዴ ዛፉ ሁሉ አንድ የሚሆነው አሉና ሄዱ።

ከብት ገባበት። እንደገና ተከልን፣ እንደገና ገባበት፣ ሆን ብሎ ከብቱን የሚለቅም ነበር፣ የጸደቀውን የሚቆጥሩ ሰዎች ከወረዳ ሊመጡ ነው ተባለ፣ እንቅልፍ አጣሁ፣ ያኔ ነው አባ ገብረሰንበት ትዝ ያሉኝ፣ የነፍስ አባቴ፣ የዶቅማ ማርያም አስተዳዳሪ። ፍርድ ቤት የማይፈራ ሰው እዚህ አገር ግዝት ይፈራል፣ ካህን መስቀል አንስቶ አትንኩ ብሎ ያሰረውን ነገር የሚነካ የለም፣ ያሰረው ካህን ራሱ እስኪፈታው ድረስ እንደታሰረ ነው። አባ ይገዝቱልኝ አልኳቸው። ሰው ሁሉ ተስማማ ልጄ? ሁሉም አባ። እነዚያ ሽማግሌዎችስ? ፈርመዋል አባ።

ከሽማግሌዎቹ ስድስቱ አልፈረሙም። እናኑ አልፈረሙም። ወረቀቱን እጄ ላይ ይዤዋለሁ፣ የአባ ዓይን እንደደከመ አውቃለሁ፣ ቢሰጣቸውም አያነቡትም፣ ይህንንም አስቤበታለሁ፣ እሱ ነው የሚያቃጥለኝ፣ አፌን አዳልጦኝ አይደለም፣ አስቤበታለሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባ ዓውደ ምሕረቱ ላይ ቆሙ፣ መስቀሉን አነሱ፣ በምንጩ ተዳፋት ያለውን ዛፍ የቆረጠ ያስቆረጠ፣ ከብት የለቀቀበት፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን የታሰረ ይሁን፣ አሜን አለ ሕዝቡ፣ እናኑን አየኋቸው፣ አሜን አሉ፣ ታቦት ፊት ነው ምን ይበሉ። ከዚያ ወዲያ ቅጠል የነካ የለም። ሃያ ሺህ ተተክሎ ይህን ያህል የጸደቀበት ቀበሌ በወረዳው አልተገኘም ተባለ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው አጨበጨበልኝ፣ የምስክር ወረቀትና የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ፣ ሰዓቱ እስካሁን ቤቴ ይሠራል፣ ባትሪውን ራሴ እቀይርለታለሁ፣ ለምን እንደምቀይርለት አላውቅም።

በሦስተኛው ዓመት ምንጩ ቀጠነ። አባ ያኔ ታመው ተኝተዋል፣ ብርቱካን ይዤ ሄድኩ፣ ልነግራቸው ነበር የሄድኩት፣ ማርያምን፣ ልጄ ዛፉ አደገልሽ አሉኝ፣ አደገ አባ፣ ተመስገን አሉ፣ ብርቱካኑን ላጥኩላቸው፣ ሁለት ፍሬ ጎረሱ፣ ወጣሁ። በሳምንቱ አረፉ። ግዝቱንም ይዘውት ሄዱ።

በአራተኛው ዓመት ጥር ላይ ውሃው ቆመ፣ ሴቶቹ ወደ ወንዙ መውረድ ጀመሩ፣ መውረጃው ገደል ነው። ያምሮት። የእናኑ የመጨረሻ ልጅ፣ የእኔ ተማሪ የነበረች፣ ያኔ አራተኛ ክፍል ከፊት ወንበር፣ እጇን ሳታወጣ የምትመልስ፣ ዝም በይ ተራሽን ጠብቂ እያልኩ የምቆጣት፣ ዓምና በመጋቢት፣ የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች፣ ጀሪካኑን አዝላ ገደሉን ስትወጣ ድንጋዩ ከዳት፣ በቃሬዛ አወጧት። አንድ ሰው ሞተ ተባለ። ያልተወለደ አይቆጠርም። እኔ ቆጥሬዋለሁ።

ለቅሶው ላይ ተነስቼ ተናገርኩ፣ ምክር ቤቱ የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን እየገለጸ፣ የንጹሕ መጠጥ ውሃ ችግሩን በአጭር ጊዜ፣ እንዲህ እያልኩ፣ በዚያ ድምፅ፣ እናኑ ቀና ብለው አላዩኝም፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም፣ እንደምን አደሩ ስላቸው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ።

ከባሕር ዳር የመጣው የውሃ ባለሙያ፣ ድረስ ይባላል፣ ተዳፋቱን ዞሮ ዞሮ አየና ራሱን ነቀነቀ፣ እትዬ ልንገርሽ አይደል፣ ፓምፕ ብንተክልም ይሄ ባህር ዛፍ እያለ ወፍ የለም፣ ሰርቪስ አይሰጥም፣ ብታስቆርጡትም ያቆጠቁጣል፣ ከነሥሩ ነው መነሳት ያለበት፣ ከዚያ በሁለት በሦስት ዓመት ውሃው ሊመለስ ይችላል፣ ሊመለስ ይችላል ነው ያልኩት፣ ነገ እንዳትይዥኝ። እሺ አልኩት። ሕዝቡን ሰበሰብኩ፣ ቁረጡ አልኩ፣ መሬት መሬት አዩ። ግዝት ነው እኮ መምህርት። አዲሱን ቄስ ለመንኳቸው፣ እኔ ያላሰርኩትን በምን ሥልጣን እፈታለሁ፣ ከላይ ይምጣ አሉ፣ ለሀገረ ስብከቱ ደብዳቤ ጻፍን፣ እንጠብቃለን፣ ጀሪካኑ ግን አይጠብቅም፣ በየጠዋቱ ገደሉን ይወርዳል።

የቅስቀሳ አስተባባሪያችን አቶ ዳኘው ትናንት ቢሮ ጠራኝ፣ ምን ልትናገሪ ነው አለኝ፣ የዋሸሁትን አልኩት፣ በሩን ዘጋው። ካሰች፣ እህቴ፣ ኑዛዜሽን ለነፍስ አባትሽ ያዥው፣ ይሄ ምርጫ ነው፣ ፓምፕ በይ፣ ንጹሕ ውሃ በይ፣ ትመረጫለሽ፣ ዛፉን ተይው። የነፍስ አባቴማ ሞቱ አልኩት። ሌላ ያዥ አለኝ።

ሌላ ይዤስ ምን እላለሁ፣ ግዝት ያፈረሰ አይቆርብም፣ ቢሞት ፍትሐት የለውም፣ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ይቀበራል ይላሉ፣ ባሌ ቅጥሩ ውስጥ ነው፣ ወይራው ሥር፣ ጎኑ ለእኔ የሚሆን ቦታ አለ፣ ሲቀበር በዓይኔ ለክቼዋለሁ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያ እንደምተኛ አውቄ ነው ያደርኩት፣ ሰው የሚተኛበትን ካወቀ ብቻውን ማደር አይከብደውም። ዛሬ ያን ቦታ ነው ልሰጥ ይዤ የምሄደው። ምሳሩ ቀላል ነው።

ደረስኩ። ሰዉ ድንጋይ ላይ፣ ሥር ላይ ተቀምጧል፣ ባህር ዛፉ ከበላያችን ያፏጫል፣ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን አጠገባቸው አድርገዋል፣ ቄሱ ዳር ቆመዋል፣ እናኑ ከደረቀው የምንጩ አፍ ጥግ፣ ጥቁር ለብሰው፣ ዘንጋቸው ጉልበታቸው ላይ። የተከበራችሁ መራጮች እላለሁ፣ ባለፉት አምስት ዓመታት በአካባቢያችን የተከናወኑ የልማት ሥራዎችን ስንገመግም፣ ስንገመግም፣ ጠፋብኝ፣ አፌ ደረቀ፣ አንዷ ውሃ ስጧት ትላለች፣ ከየት አምጥተን ትላለች ሌላዋ፣ ይስቃሉ፣ ነጠላውን እፈታለሁ፣ ምሳሩን ያያሉ፣ ሳቁ ይቆማል።

ዋሽቼ ነው እላለሁ። አባ ገብረሰንበትን ሁሉም ተስማምቷል፣ ሽማግሌዎቹ ፈርመዋል ብዬ ዋሽቻቸው ነው ያስገዘትኩት፣ እሳቸው አልበደሉም፣ እናንተም አልበደላችሁም፣ ምንጩን ያደረቅሁት እኔ ነኝ፣ ያምሮትን፣ ያምሮትን ልል ነው፣ አልወጣልኝም። ወንዳወቅ ደርሷል፣ ጀሪካኖቹ አሁን ሞልተዋል፣ ታዲያ በውሸት ከሆነ ግዝቱ የለም ማለት ነዋ ይላል፣ ሁሉም ወደ ቄሱ ይዞራል፣ መስቀል ተነስቷል፣ አሜን ተብሏል፣ እኔ የለም ልል አልችልም ይላሉ ቄሱ። እንግዲያው በእኔ ይሁን እላለሁ። ኧረ መምህርት፣ ኧረ ይተዉ በማርያም፣ ድምፃችንን እንሰጥዎታለን፣ ይሄን ነገር ያስቀምጡት ይላል ወንዳወቅ፣ እውነቱን ነው፣ ያዝንልኛል፣ ድምፅ ፍለጋ የመጣሁ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አገኘሁ።

ከምንጩ አፍ አጠገብ ያለው ትልቁ ነው፣ እመታዋለሁ፣ ምሳሩ ነጥሮ ይመለሳል፣ ልጡ ብቻ ተላጠ፣ ማገዶ ፈልጬ አውቃለሁ፣ የቆመ ዛፍ ጥዬ አላውቅም፣ እንደገና፣ መዳፌ ተላጠ፣ እንደገና፣ ወይራው ሥር ያለው ቦታ ለማን ይሆን፣ እንደገና፣ ከኋላዬ ማንም አልተነሳም፣ ማንም አልሄደም፣ ያለቅሳል አንድ ሰው፣ እኔ ነኝ፣ እንደገና።

ዘንግ መሬት ሲነካ ይሰማኛል። ቀስ እያለ ይመጣል። አልዞርም፣ ቢመቱኝም አልዞርም፣ ቢረግሙኝም ይገባቸዋል፣ አጠገቤ ይቆማል፣ ትንፋሻቸው ይሰማኛል፣ የዘንጉ ጫፍ ቁስሉን ይነካዋል፣ የዛፉን።

በዚያ አይደለም አንች፣ ይላሉ እናኑ። በዚያ ከመታሽው ምንጩ ላይ ይወድቃል። በወዲህ ዙሪ።

ምንጩ ላይ፣ አሉ፣ ምንጭ እንዳለ ሁሉ።

እዞራለሁ።