ነፋሱ ከየት ነበር?

ኢልማ ካርቮነን ካሜራ ከገዛች አምስት ወር ሆኗታል። በእነዚህ አምስት ወራት ያነሳቻቸው አጋዘኖች ሁሉ ግን ፊት የላቸውም። ነጭ ጅራታቸውን ሽቅብ አቁመው ሲፈረጥጡ ከኋላ የተነሱ ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ ኮሌጁ ውስጥ በሚሰበሰበው የፎቶ ክበብ ተራዋ ደርሶ ሥራዋን ባሳየች ቁጥር፣ ብራንት የሚባለው ልጅ ከኋላ ወንበር ሆኖ፣ "ዛሬስ ዞር አሉልሽ?" ይላታል። ክፍሉ በሳቅ ያውካካል። እሷም አብራ ትስቃለች፤ መኝታ ክፍሏ ስትገባ ግን ፎቶዎቹን እንደገና ከፍታ ስህተቷን ትፈልጋለች።

የምትማረው የመሬት ቅየሳ ነው፤ ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ካሜራው የትርፍ ጊዜ ፍቅሯ ነው። ፍቅር ስለሆነም ነው ሳቁ የሚያማት። ክበቡ በታኅሣሥ የከተማው ቤተ መጻሕፍት ግድግዳ ላይ የአባላቱን ሥራ ሊሰቅል ወስኗል፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ፎቶ። ኢልማ የምትሰቅለው አልነበራትም።

በጥቅምት የአራት ቀን እረፍት ሲሰጣቸው መኪናዋን አስነስታ ከሱፔሪየር ሐይቅ በስተ ደቡብ ወዳለው የወላጆቿ ቤት ነዳች፤ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። አባቷ ሬይኖ ክረምቱን የበረዶ መጥረጊያ መኪና ይነዳል። መከር ሲሆን ደግሞ አዳኝ ነው፤ እንደ አባቱ፣ እንደ አያቱ። ኢልማን በአሥራ ሁለት ዓመቷ ተኩስ አስተምሯት ነበር። በአሥራ ስድስት ዓመቷ "ከእንግዲህ አልሄድም" አለችው። እሱም "እሺ" አላት። ከዚያ ወዲህ አራት መከር አለፈ፤ የጫካው ወሬ በሁለቱ መካከል ተነስቶ አያውቅም።

እራት ላይ እናቷ ቨርና "እስቲ ፎቶዎቹን አሳዪን" ብላ ላፕቶፑን አስከፈተቻት። ሬይኖ አንዱን አየ፣ ሁለተኛውን አየ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

"አባዬ፣ አትሳቅ!"

"ኧረ አልሳቅሁም። ይሄ ሁሉ አንድ አጋዘን ነው? ወይስ የአገሩ አጋዘን በሙሉ ተስማምቶ ነው ቂጡን የሰጠሽ?"

"ሬይኖ!" አለች ቨርና፤ እሷም ግን አፏን በጨርቅ ሸፍናለች።

ኢልማ ላፕቶፑን ልትዘጋ እጇን ስትሰድ አባቷ ያዛት። መነጽሩን አድርጎ ጠጋ አለ። ሳቁ ከፊቱ ጠፍቷል።

"ይቺን ስታነሺ ነፋሱ ከየት ነበር?"

"እኔ ምን አውቃለሁ?"

"እሷ ግን አውቃለች። ሣሩን እይው፣ ወዴት ተኝቷል? ወደ እሷ። ነፋሱ ከጀርባሽ ተነስቶ ጠረንሽን አድርሶላታል። ካሜራሽን ሳታወጪ ማን እንደመጣ ታውቃለች።"

"ቪዲዮ ላይ የሚያስተምረው ሰውዬ ስለ ሌንስ እንጂ ስለ ነፋስ አንድም ቀን አላነሳም።"

"ሌንስ ሻጭ ይሆናላ!"

ከዚያ ሬይኖ ዐይኑን ከሳህኑ ላይ ሳያነሳ፣ ጨው አቀብዪኝ እንደሚል ሰው በተራ ድምፅ፣ "ነገ ጠዋት አብረን እንውጣ?" አላት።

"ጠመንጃ ይዘህ?"

"የጠመንጃው ጊዜ ገና ነው። ባዶ እጄን።"

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል በር ላይ ቆሞ ጃኬቷን አየና እጅጌውን በጣቶቹ አሸት አሸት አደረገው። እንደ ድንች ጥብስ ከረጢት ተንኮሻኮሸ። "ይሄን ለብሰሽ ነው ጫካ የምትገቢው? ደወል ብታስሪ ይሻልሽ ነበር" አለና የራሱን አሮጌ የሱፍ ኮት አመጣላት። ሽቶ መቀባቷንም በአፍንጫው ደረሰበትና ፊቷንና አንገቷን በውኃ ብቻ እንድትታጠብ መለሳት።

የሚቀመጥበት ቦታ ረግረጉ ዳር፣ አንድ ትልቅ ዛፍ ወድቆ ሥሩ ሽቅብ የቆመበት ነው። ነፋሱ ፊታቸው ላይ ይነፍሳል። ሬይኖ ጆሮዋ ስር ተጠግቶ፣ "መጀመሪያ ጫካው ሁሉ ያይሻል። ከዚያ ትሰለቺውና ይረሳሻል። እስኪረሳሽ ጠብቂ" አላት።

ጫካው አልረሳትም። አፍንጫዋን ትጠርጋለች፤ እግሯ ሲደነዝዝ ታነሳለች፤ ሽኮኮ ባለፈ ቁጥር ካሜራዋን ላጥ ታደርጋለች። እስከ እኩለ ቀን ተቀምጠው በሥጋና በድንች የተሞላውን ፓስቲ በልተው፣ ምንም ሳያዩ ተመለሱ።

በሁለተኛው ቀን ሻል አለች። አንዲት ሽኮኮ ግንድ ላይ ተቀምጣ ፍሬ ስትፈለፍል አነሳቻትና፣ ጥሩ ወጥቶ እንደሆነ ለማየት አንገቷን ደፍታ በካሜራው ጀርባ ባለው የማሳያ መስኮት ፎቶዎቹን ታገላብጥ ጀመር። የአባቷ ጣት ጉልበቷን ነካ አደረጋት። ኢልማ "ቆይ" ለማለት ያህል ራሷን ነቀነቀች። ጣቱ ዳግመኛ ነካት። ቀና ስትል አንድ ቀንዳም አጋዘን ከሃያ እርምጃ በማይበልጥ ቦታ ቆሞ ፊት ለፊት እያያት ነው። ካሜራውን ብድግ ስታደርግ እሱ አንዴ በአፍንጫው በኃይል ተነፈሰና እንደ ጥይት ተፈተለከ። ያገኘችው ነገር ነጭ ጅራት ብቻ ሆነ።

"ለምን አልነገርከኝም?" ድምፅዋ ጫካው ውስጥ አስተጋባ። ዐይኗ እንባ ሞልቷል።

"ነገርኩሽ እኮ። ሁለት ጊዜ።"

"ደስ ይበልህ! አንተ ብትሆን እኮ ገድለኸው ነበር። እኔ ቢያንስ በሕይወት ልተወው ነበር የመጣሁት!"

ሬይኖ ከፔርሙሱ ሻይ ቀድቶ ሰጣትና የራሱንም ቀዳ።

"ኢልማ፣ በዓመት ስንት ቀን እዚህ የምቀመጥ ይመስልሻል?"

"እንጃ።"

"ሃያ ቀን። የምተኩሰው አንድ ጊዜ ነው፤ አንዳንድ ዓመት ጭራሽ አልተኩስም። የቀረውን አሥራ ዘጠኝ ቀን ምን የምሠራ ይመስልሻል?"

ኢልማ ጠይቃው አታውቅም።

"አያለሁ" አለ። "ባለፈው ዓመት ቀበሮ እዚያ ጋ አይጥ ስታድን፣ በአራት እግሯ ዘላ በአፍንጫዋ በረዶ ውስጥ ስትሰካ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ነበር። ጉጉት ከቁራዎች ጋር ተጣልታ ተሸንፋ ስትሄድ አይቻለሁ። ቤት ስገባ እናትሽ 'አገኘህ?' ትለኛለች፤ 'አላገኘሁም' እላታለሁ። ሌላውን ለማን ልንገር? ያን የምታዳምጠኝ አንቺ ነበርሽ።"

ይህን ብሎ ሻዩን ጠጣ። ኢልማ አራት ዓመት ሙሉ የቀረችው ከተኩሱ ብቻ መስሏት ነበር። ወደ ቤት ሲመለሱ መንገዱን በሙሉ ስለ ቀበሮዋ አስወራችው።

ሦስተኛው ቀን የመጨረሻው ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ኮሌጅ ትመለሳለች። ሌሊቱን ውርጭ ስለጣለ ሣሩ ሁሉ ነጥቷል። ኢልማ የካሜራውን ልክ ለዚያ ደብዛዛ ብርሃን አስቀድማ አስተካከለችና ጭኗ ላይ አስቀምጣ እጇን ሰበሰበች። መስኮቱን ላለማየት ለራሷ ቃል ገብታለች። ከአንድ ሰዓት በኋላ እግሯ መደንዘዙን ረሳችው። ከሌላ አንድ ሰዓት በኋላ ፎቶውንም ረሳችው።

ያኔ ጥቁር ቆብ የደፋች የምትመስል፣ ከአውራ ጣት እምብዛም የማትበልጥ ወፍ፣ እዚያ አገር ቺካዲ የሚሏት፣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለለች መጣችና የሬይኖ ቆብ ላይ አረፈች።

ሬይኖ ትንፋሹን ዋጠ። ዐይኖቹ ብቻ ወደ ላይ ተንከባለሉ፤ ግንባሩን አልፎ ለማየት የሚታገል ሕፃን መሰለ። ወፊቱ ከቆቡ የወጣችውን የሱፍ ክር በአፏ ይዛ እየተንገታገተች ትጎትታለች። ኢልማ እጇን አነሳች፤ ግን የሰዓት ቆጣሪ ዘንግ እንደሚሄድ ዓይነት ቀስ ብላ። ሌንሱን ወፊቱ ዐይን ላይ አነጣጠረች። ቀጭ። ወፊቱ አንገቷን ቀለስ አድርጋ አየቻትና መጎተቷን ቀጠለች። ቀጭ። ቀጭ። ክሩ ተበጠሰ፤ ወፊቱ ይዛው በረረች።

ሬይኖ የያዘውን ትንፋሽ ሲለቀው ሳቅ ሆኖ ወጣ። ሁለቱም ዛፉን ተደግፈው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። በዚያ ጠዋት አካባቢው ላይ አጋዘን ኖሮ ከሆነ ሌላ ወረዳ ገብቷል።

"ለማንም እንዳታሳዪ" አላት ሬይኖ ፎቶውን አይቶ። "የአደን ጓደኞቼ ካዩኝ አለቀልኝ።"

"የቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ ነው የምሰቅለው።"

"ወይ ጉዴ!" አለ፤ ነገር ግን ፎቶውን እንደገና አሳዪኝ አላት።

ፎቶው ክበቡ ውስጥ የታየ ቀን ብራንት ከኋላ ወንበር ተነስቶ ወደ ፎቶው ተጠጋና፣ "ቆቡ ላይ ጥሬ በትናችሁ ነው?" ብሎ ጠየቃት።

"አይደለም። ተቀመጥን።"

"ስንት ሰዓት?"

"ሦስት ቀን።"

በኅዳር ሬይኖ እንደ ልማዱ ጠመንጃውን ይዞ ወጣና አንድ ጎረምሳ አጋዘን ጣለ። ከሥጋው ካሠራው ቋሊማ አንድ ካርቶን ላከላት። ኢልማ ትንሽ አየችውና ጠብሳ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር በላችው።

ታኅሣሥ ላይ ሬይኖ የበረዶ ጠረጋ ተራውን ለሥራ ባልደረባው ሰጥቶ፣ የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ፣ ከቨርና ጋር ሦስት ሰዓት ነድቶ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መጣ። ሰዎች ፎቶውን ያዩና ዞር ብለው እሱን ያያሉ። አንዲት ምርኩዝ የያዙ አሮጊት ጠጋ ብለው፣ "የወፊቱ እግር ተሰማህ?" አሉት።

"ቆቡ ወፍራም ስለሆነ ሊሰማኝ አይችልም" አለ ሬይኖ። "ግን ልቧ ሲመታ የሰማሁ መስሎኝ ነበር።"

ኢልማ አባቷ እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ሲናገር ሰምታ አታውቅም።

ጥር ሲጋመስ ስልኳ ጮኸ፤ አባቷ ነበር። ሬይኖ በረዶ እየጠረገ ድልድዩ ጋ ሲደርስ አቆስጣ የሚባሉት ዓሣ በል የወንዝ እንስሳት፣ ሦስት ይሁኑ አራት፣ በረዶ በሆነው ወንዝ ላይ በሆዳቸው ሲንሸራተቱ አይቷል።

"አርብ ክፍል አለሽ?"

"የለኝም።"

"ጥሩ። እ... ኢልማ፣ ያ ካሜራ ለጀማሪ ይከብዳል?"

"ለማን ጀማሪ?"

"ለማንም። አንቺ እዚህ በማትኖሪበት ቀን ብዙ ነገር ያልፋል፤ ለዚያ ነው።"

በማግስቱ ኢልማ ክበቡ ለአባላት የሚያውሰውን ትርፍ ካሜራ ፈርማ ወሰደች።