ሽቅብ ወይስ ቁልቁል

ኔይቫ ከፓሌምባንግ ሽቅብ ናት ቁልቁል? ዙልፊ ጀርመን አገር ስምንት ዓመት የምድርን ቅርጽ ሲማር ኖሮ ይህቺን መመለስ አቃተው።

ጠያቂዋ እናቱ ሮዝና ናት። ከተማቸውን ፓሌምባንግን በሚያቋርጠው በሙሲ ወንዝ ዳር ላደገ ሰው አቅጣጫ ሁለት ብቻ ነው፤ ወንዙን ሽቅብ ወይም ወንዙን ቁልቁል። ገበያው ቁልቁል፣ አማቶቿ ሽቅብ፣ መካም ሳትቀር ሽቅብ። ከቤት ሰው ሲርቅ ከወንዙ አንድ ጣሳ ውሃ ቀድታ በሚሄድበት በኩል ታፈስለታለች፤ ምርቃቷ ያ ነው። የጀርመኑ ጊዜ ዙልፊ አፉ ላይ እንደ መጣለት «ሽቅብ» ብሏት ነበር፤ ደህና ሄዶ ደህና ተመለሰ። ከተመለሰ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ሻንጣውን ግን ገና አላራገፈም። አሁን ደግሞ ኮሎምቢያ፣ ኔይቫ በምትባል ከተማ የቅየሳ ሥራ አግኝቷል። ያለ እናቱ ጣሳ ውሃ መሄድ እንደሚፈራ ለማንም አልተናገረም፤ «በአጉል እምነት አላምንም» ሲል ነው የኖረው።

ላፕቶፑን ከፍቶ በሁለቱ ኤርፖርቶች መካከል ያለውን የአየር ርቀት አሰላ። ሃያ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ። ደግሞ አሰላ፤ ያው።

«እማዬ፣ ጉድ ነው» አላት። ሮዝና ፔምፔክ ለሚሉት ጥብስ የዓሣ ሊጥ እያሸች ነበር። «ምድርን ከኛ ኤርፖርት በወስፌ ብትወጊያት ጫፉ የሚወጣው ከኔይቫ ኤርፖርት ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። በየትም በኩል ብሄድ መንገዱ እኩል ነው ማለት ይቻላል።»

«ሽቅብ ነው ቁልቁል?»

«ሁለቱም።»

«እኔ ያለኝ አንድ ጣሳ ነው፣ ልጄ።»

እህቱ ኤርሊና ከጓዳ ሳቀች። «ከዚህ በላይ መራቅማ አይቻልም! ትንሽ አለፍ ካልክ እኮ ወደ እኛ መመለስ ትጀምራለህ።»

«አየሽ» አለች ሮዝና ከሊጡ ቀና ሳትል፣ «የሰው ልጅ እናቱን ሲሸሽ ጃካርታ ይበቃዋል። የኔው ተምሮ፣ በሒሳብ አስልቶ ሸሸኝ።»

«ሥራው ነዋ እዚያ ያለው፣ እማዬ!»

«እሺ፣ ወዴት ላፍስ?»

«ደስ ባለሽ በኩል» አላት። ስሌቱ ትክክል ነበር። እሷ ግን ከዚያ በኋላ ሊጡን እንጂ እሱን አላየችም።

የሄደ ዕለት ኤርሊና በሞተር ሳይክሏ ኤርፖርት አደረሰችው።

«ስንወጣ ጣሳ ይዛ ደረጃው ላይ ቆማ ነበር» አለችው።

«አፈሰሰች?»

«እኔ የምነዳው ወደ ፊት እያየሁ ነው! ከኋላ የተቀመጥከው አንተ፣ ዞር ብለህ አታይም ነበር?»

አራት ጊዜ አውሮፕላን ቀይሮ ኔይቫ ገባ። እዚያም ሰፊ ቡናማ ወንዝ አለ። ዳሩ ላይ ቆሞ ለእናቱ በስልኩ ጻፈላት፦ «ደረስኩ። ውሃውን በየት በኩል አፈሰሽው?»

ወዲያው አነበበችው፤ ሁለቱ ምልክቶች ሰማያዊ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ የጎረቤት ሰርግ ፎቶ ልካለታለች፣ ጣራው እንዳፈሰሰ ነግራዋለች። ለዚያች ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠችም።