የቡባ ሳምንት

ያንኩባ ሁለተኛውን ማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ የደጃፉ ደረጃ ላይ ሲደፋው እንፋሎቱ ፊቱን ሸፈነው። በረዶው ሟሙቶ ከሥሩ ጥቁሩ ድንጋይ ብቅ አለ። ሥራው እንዲህ በቀላሉ ማለቁ ደስ አሰኘው። ጎረቤቶቹ በአካፋ ሲፍቁና ጨው ሲበትኑ ግማሽ ሰዓት የሚለፉበት ምክንያት ሊገባው አልቻለም። በአገሩ በጋምቢያ የፈሰሰ ውሃ ይደርቃል፤ ሌላ ጠባይ የለውም። ከሲሲሊ ወደ ጀርመን፣ ወደ ሽቱትጋርት የመጣው በሚያዝያ ነበርና ይህ የመጀመሪያው የበረዶ ወራቱ ነው።

የጽዳቱ ሳምንት የእሱ እንኳ አልነበረም፤ የጎረቤቱ የቡባ ነበር። የጽዳት ተራ የደረሰው ተከራይ በር ላይ አንዲት የእንጨት ሰሌዳ ትሰቀላለች። እሷ እዚያ እስካለች ድረስ ደረጃውም፣ ኮሪደሩም፣ የደጃፉ በረዶም የዚያ ሰው ኃላፊነት ነው። ቡባ ግን ወደ መጋዘን ሥራው ሲሮጥ ከፊት ለፊት የሚኖረውን የያንኩባን በር አንኳኩቶ ነበር።

"ወንድሜ፣ አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በፊት በረዶውን ጥረግልኝ። ጨው ከታችኛው በር ኋላ ባልዲ ውስጥ አለ።"

"ሂድ ሂድ፣ እኔ አለሁ" አለው ያንኩባ።

እምቢ ሊለው አይችልም። ክፍሉን ያገኘለት ቡባ ነው፤ የቀለም ቅብ ሥልጠናውንም እንዲሁ። ባልዲው ግን ባዶ ሆኖ ተገኘ። ያን ጊዜ ነው ያንኩባ ብልሃተኛ የሆነው።

ሻዩን ጠጥቶ ሳይጨርስ ከታች ከባድ ነገር ሲወድቅ ሰማ።

የዚያው ቤት ነዋሪ ወይዘሮ ሄበርሌ ከደረጃው ግርጌ ተዘርግተዋል። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። የዳቦ ዘንቢላቸው መንገዱ ላይ ተንከባሏል፤ አንድ እግራቸው መዞር በማይገባው በኩል ዞሯል። ሊያነሣቸው ሲሮጥ እሱም በጉልበቱ ተደፋ። ያፈሰሰው ውሃ ተመልሶ ረግቶ መስተዋት የመሰለ በረዶ ሆኗል። ምን እንዳደረገ የገባው ያኔ ነው።

"አትንካኝ ልጄ፣ ዳሌዬ ነው" አሉት።

"እማማ፣ አይነቃነቁ። አምቡላንስ እጠራለሁ።"

"ኮትህን ቆልፈው። ትታመማለህ።"

ኮቱ የሟች ባላቸው ነበር። በኅዳር በስስ ጃኬት ሲንቀጠቀጥ አይተውት ከቁም ሣጥን አውጥተው ያለበሱት እሳቸው ናቸው። በዚያ ቤት ውስጥ በስሙ የሚጠሩትም እሳቸው ብቻ ነበሩ። ያንኩባ ኮቱን ቆለፈና ስልኩን አወጣ።

ቡባ ወሬውን የሰማው ሥራ ላይ ሳለ ነው። የቤቱ ተቆጣጣሪ አቶ ክናፕ ደውሎ፣ "ሳምንቱ ያንተ ነው። የቤቱ ባለቤት ሊያስለቅቅህ ነው፤ ፖሊስም ይጠይቅሃል" ብሎታል። የቡባ ሚስትና ልጅ በመጋቢት ሊመጡ ነው፤ ቪዛቸው የተፈቀደው በዚሁ ቤት ኮንትራት ነው። አመሻሽ ላይ ኮቱን ሳያወልቅ ወደ ያንኩባ ክፍል ገብቶ የሆነውን ሁሉ አስነገረው።

"በረዶ ላይ የፈላ ውሃ? አንጎልህን ሲሲሊ ጥለኸው ነው የመጣኸው?"

"ጨው አልነበረም።"

"ጨው የሚሞላው ክናፕ ነው፤ በሩን አታንኳኳም?"

"ሲያየኝ ፊቱ ይጠቁራል።"

"የፈለገውን ያህል ቢጠቁር እኔና አንተን አያህልም" አለ ቡባ። ማንም አልሳቀም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። "ስማኝ። እኔ 'ሌላ ሰው ነው' ብል ሰበብ ይመስላል። አንተ ከተናገርክ ግን ያምኑሃል። ሚስቴን ካዲን ሦስት ዓመት ጠብቄአታለሁ።"

"ሐሙስ የመኖሪያ ፈቃዴ ቀጠሮ ነው። ስሜ ፖሊስ ዘንድ ከገባ አያድሱልኝም። ይመልሱኛል።"

"አስበህ አላጠፋህም፤ ስህተት ነው። አሮጊቷም ይወዱሃል።"

 ቡባ ተነሥቶ ሰሌዳዋን ከራሱ በር አወረደና የያንኩባ በር ላይ ሰቀላት።

"ክናፕ ጠዋት ሲመጣ እዚህ ያገኛታል። የቀረውን አንተ ንገረው። ወንድሜ ነህ፣ አልጠራጠርህም።"

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በዚያ አገር በጥር ወር ግን ንጋቱም ይለግማል፤ ሁለት ሰዓት ሆኖ እንኳ ኮሪደሩ መብራት ይፈልግ ነበር። ቡባ ሥራ ሄዷል። አቶ ክናፕ አዲስ የጨው ከረጢት በብብቱ ይዞ፣ ሁለት ወረቀት ጨብጦ መጣ። መጀመሪያ ሰሌዳዋን አየ። ቀጥሎ በተከፈተው በር አሻግሮ ምድጃው ላይ ያለውን ማንቆርቆሪያ አየ።

"ይቺ እዚህ ምን ትሠራለች?"

ክናፕ መልስ ሳይጠብቅ አንዱን ወረቀት ሰጠው።

"የምስክር ቃል ነው፣ አጭር ነው። ሳምንቱ የቡባ ነበር፤ ባልዲው ጨው ሞልቶ ነበር። ከሥር ትፈርማለህ።"

"ባልዲው ባዶ ነበር።"

"እኔ ስለ ማንቆርቆሪያህ ጠየቅሁህ?" አለ ክናፕ ድምፁን ሳያነሣ። "አንተም ስለ ባልዲዬ አታንሣብኝ። ለሐሙስ የመኖሪያ ማረጋገጫ ጠይቀኸኝ ነበር። ይኸው፣ ሞልቼልሃለሁ።"

ሁለተኛውን ወረቀት ዘረጋለት እንጂ አልሰጠውም። ያንኩባ አፈረ። የቡባ "አልጠራጠርህም" ጆሮው ውስጥ ነበር። ፍርሃቱ ግን ከሐፍረቱ በለጠ። የምስክር ቃሉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ፈረመ፤ እስክሪብቶውም የክናፕ ነበር።

"ጎበዝ" አለ ክናፕ ማረጋገጫውን እያቀበለው። "ሆስፒታል ሄጄ ነበር። አሮጊቷ ስለ አንተ ይጠይቃሉ፤ ብርድ እንዳይመታው ንገረው ብለውኛል።"

የጨው ከረጢቱን ይዞ ወረደ። ወዲያው ጨው ባዶ ባልዲ ውስጥ ሲንኮሻኮሽ ከታች ተሰማ።

ያንኩባ ማረጋገጫውን አጥፎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ማንም ሳያዘው ሰሌዳዋን ከበሩ ላይ አነሣ፣ ኮሪደሩን በሦስት እርምጃ ተሻገረ፣ የቡባ በር ላይ ሰቀላት። ወደ አንድ ወገን አዘንብላ ነበርና በጣቱ አቃናት።